ሶፊ የበላችው የማን ምሳ ነው?

ፀደንያ የልጇን የምሳ ዕቃ ስትከፍት ብስኩቱ እንዳለ ነው። ሦስተኛ ቀኑ!

«ሶፊዬ፣ ዛሬም ሳትበይ ዋልሽ?»

«በላሁ እኮ! የጓደኛዬ የመሲ አባት ቦይና የሚባለውን ጎደሬ በአይብ ለሁለታችን ይቋጥራል። ያንቺ ብስኩት ይደርቃል።»

የፀደንያ ፊቷ ጋለ። ከሶፊ አባት ከተለያየች ወዲህ፣ እዚህ ሶዶ ነርስ ሆና ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ጠዋት ጠዋት ምሳ መሥራት ቀርቶ ፀጉሯን ለማበጠር እንኳ ጊዜ የላትም። ቢሆንም የማንንም ከንፈር መጠጣ አትፈልግም!

በማግስቱ የኬጂው በር ላይ ጠበቀችው። የመሲ አባት እስራኤል አናጢ ነው፤ ሸሚዙ ላይ ሰጋቱራ አለ።

«ልጄን ማብላት ያቃተኝ መሰለህ?»

«ኧረ በፍጹም፣ ሲስተር! እኔ ነኝ የቸገረኝ…» አለ ደንግጦ። «መሲ እናቷ ካረፈች ጀምሮ ምግብ እንቢ ብላኝ ነበር። አሁን የምትበላው ከሶፊ ጋር ስትካፈል ብቻ ነው። እርስዎን አለማስፈቀዴ ግን ጥፋት ነው።»

ፀደንያ አፈረች። በቀስታም ጠየቀችው።

«ጠዋት ሥራ እየገባህ እንዴት ትደርሳለህ?»

«ጎደሬውንም ቦሎቄውንም እሁድ ቀቅዬ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ማሞቅና ጎመን ጣል ማድረግ ነው።»

«አስተምረኝ!»

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ እሷ ቤት አብረው ማብሰል ጀመሩ። ልጆቹ ስኳር ድንች ይልጣሉ፣ አቮካዶ ፊታቸውን ይቀባሉ። «እርስዎ»ው «አንቺ» ሆነ። የፀደንያ ልብ ገና ከዓርብ ጀምሮ መምታት ያዘ!

አንድ ቀን ግን ሶፊ እያለቀሰች መጣች። «እነ መሲ ቦዲቲ ሊሄዱ ነው!»

እስራኤል ሳይነግራት! እሁድ ሲመጣ ፀደንያ በሩ ላይ ቆማ፣ «መንገድ ይቅናህ» አለችው።

«ወዴት?»

«ቦዲቲ ነዋ! ልትኖሩ አይደል?»

እስራኤል ሳቁ አመለጠው። «ለሁለት ቀን ነው! እናቴን ላመጣት። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አንቺን ትይልኝ ብዬ…»

«ሽማግሌ? ወደ ማን?»

«ወደ እናንተ ቤት ነዋ… ካልጠላሽኝ።»

«እኔ? አንተን?» እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ላካቸው! ነገ ዛሬ አትበል!»

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጡ። ከዘመን መለወጫው ከጊፋታ በኋላም ተጋቡ። በሠርጉ ዕለት መሲ የፀደንያን ቬል ሳብ አደረገች።

«አሁን እማዬ ልበልሽ?»

ፀደንያ ሙሽርነቷን ረስታ መሬት ላይ ተንበረከከች።

«በይኝ፣ የኔ ልጅ! ጮክ ብለሽ በይኝ!»