የእልፍኙ ጥቀርሻ

በወረቀት የተጠቀለለው ሽምብራ ከአግዳሚው ሥር ገባ። ትርሲት ዞር ብላ ሳታይ አለፈች።

መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ በረዳቶች ጩኸት ተናውጧል። «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር የሞላ!» እሷ ከአንድ አይሱዙ ጀርባ ቆማ ጫማዋን የምታስር መሰለች። ሽምብራው ውስጥ የስልክ ሚሞሪ አለ። ሚሞሪው ላይ ደግሞ ኩባንያው የፍሳሽ ቦዩን ያለ አንዳች ድጋፍ ከወይዘሮ ብርነሽ ግድግዳ ሥር ሲቆፍር ይታያል። ኩባንያው ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ «ቤቱ ድሮም የተሰነጠቀ ነው» ሲል ሽምጥጥ አድርጎ ክዷል። ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ ራሳቸው ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። እማማ ብርነሽ ከተረቱ፣ ቤቱ በላያቸው እስኪናድ መጠበቅ ብቻ ነው የሚቀራቸው።

ካሌብ መጣ። ትርሲትን በስውር ያሰማራት የጠበቆች ቢሮ የላከው ተቀባይ ነው። ፊቷን አያውቅም፤ የሚያውቃት «ጓያ» በሚል የምስጢር ስም ብቻ ነው። ሽምብራውን አነሣ። መንገዱን ተሻገረ።

የኩባንያው ፒክአፕ በር ተከፈተለት።

ገባ።

ትርሲት ክው አለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ማስረጃው ጠላት እጅ ገብቷል፤ ሌላ ቅጂ የላትም። ቢሆንም ወደ ቁፋሮው ተመለሰች። የቀን ሠራተኛ ሆና የገባችበት ሥራ ነው፤ ዛሬ ብትቀር ራሷን አጋለጠች ማለት ነው።

የቁፋሮው ኃላፊ አንተነህ ጣሳ ይዞ ጠበቃት።

«ብርነሽ ቤት አይደል የተከራየሽው?»

«አዎ ኢንጅነር።»

«እንኪ ጥቀርሻ። ዳኛዋ ሳይደርሱ ስንጥቁን ቀቢልኝ። የከረመ ይምሰል።»

ጣሳውን ተቀበለች።





«ከመካከላችን ጓያ የሚሉት ወሬ አቀባይ አለ አሉ። አንቺ እንዳትሆኚ ብቻ!» እየሳቀ ነበር። ሁለት ጠባቂዎች ግን ተከተሏት።

እምቢ ብትል ታወቀች። ብትቀባ ቤቱ ሄደ። መንገዱን ሁሉ ይህን ስታወጣና ስታወርድ ደረሰች።

እልፍኙ ውስጥ ስትገባ ቆም አለች። እማማ ብርነሽ ጥር ላይ ለልጃቸው ሰርግ ግድግዳውን አስመርገው፣ ኖራ አስቀብተው፣ አዲስ አቡጀዲ ኮርኒስ ወጥረውበታል። ምድጃው ከጓሮ፣ ማድቤት ነው። እዚህ እሳት ነዶ አያውቅም። አንተነህ የከተማ ልጅ ነው፤ ያረጀ ነገር ሁሉ የሚጠቁር ይመስለዋል።

ጥቂት ብትቀባ ዳኛዋ ላያስተውሉት ይችላሉ። ስለዚህ አልሰሰተችም። ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች አጠቆረችው።

«ልጄ?»

እማማ ብርነሽ በሩ ላይ ቆመዋል። ታይፎይድ የጣላት ጊዜ በእጃቸው አጥሚት ያጠጧት ሴት ናቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ጠባቂዎቹ ያያሉ።

«የታዘዝኩትን ነዋ!» አለች፣ ድምጿን አሻክራ።

ዳኛ ገነት ደረሱ፤ የስማዳ ገበሬ ልጅ ናቸው። አንተነህ እየቀደመ ስንጥቁን አሳያቸው። «ይኸው፣ የከረመ ነው።» ጣታቸውን ሰደዱበት፤ ጠቆረ። ቀና ብለው አቡጀዲውን አዩ።

«እናቴ፣ እዚህ እሳት ይነዳል?»

«ኧረ በሚካኤል! ማድቤቴ ከጓሮ ነው። ይኼ ለልጄ ሰርግ ጥር ላይ የተመረገ እልፍኝ እኮ ነው!»

ዳኛዋ ወደ አንተነህ ዞሩ። «ግድግዳው ነጭ፣ ኮርኒሱ ነጭ። ጭሱ መርጦ ስንጥቁ ውስጥ ብቻ ገባ?»

አንተነህ ላብ በላብ ሆነ። ዳኛዋ ጥቀርሻውን በቁልፋቸው ፋቁት። የሰርጉ ምርጊት ከነኖራው ለሁለት ተሰንጥቋል። ቁፋሮው የተጀመረው ደግሞ ከሰርጉ በኋላ ነው፤ ደጅ የተኮለኮለው ጎረቤት ሁሉ መሰከረ።

«ቁፋሮው አሁኑኑ ይቁም። ስንጥቁ አዲስ ነው። ይህን የቀባው ማን ነው?»

«እሷ ናት!» እማማ ብርነሽ እንባቸው ወረደ። «ባጎረስኩ እጄን ነከሰችኝ! የሥራሽን ይስጥሽ!»

አንድ ቃል ብትናገር ነጻ ትወጣ ነበር። ግን አርብ ገበያ ከተማ በሚቆፍረው የኩባንያው ቡድን ውስጥ ሌላ የቢሮው ሰው አለ፤ በእሷ ዋስትና የተቀጠረ። እሷ ከተገለጠች እሱ አለቀለት።

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

ፖሊስ ይጠራ ሲባል ግርግር ተነሣ። በጓሮ በር ወጣች። በማድቤቱ በኩል አለፈች፤ ምድጃው ገና ይሞቅ ነበር። መናኸሪያው ጋ ስትደርስ ለቢሮው ጻፈች፦ «ቤቱ ተርፏል። ካሌብ ነቅዟል።» ሲሙን ሰብራ ቦይ ውስጥ ጣለችው።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት እጇን አዩት።

«ስምሽ ማን ነው ልጄ?»

«ትዝታ» አለች። የመጣላትን ነው የተናገረችው።

«ጥፍርሽ ሁሉ ጥቀርሻ ሆኗል። ማድቤት ስታግዢ ነበር መሰል?»

ትርሲት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

«አዎ» አለች። «እናቴ ጋ ነበርኩ።»