የሹፌሩ ዓይን

ትሩፋት ሮበሌን ያገኘችው መካኒሳ አቦ አካባቢ ሙሽራ ልትኩል ሄዳ ነው። የሙሽራዋ ወንድም ነበር፤ ሥራው የፊልም ድርሰት መጻፍ።

በሦስተኛው ወር ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው። አባቷ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ ወጋየሁ፣ በፈጣን መንገዱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሏቸው መኪናቸው መንገዱን ሲዘጋ ዐሥር መኪና ተደራርቦባቸው ሞቱ። ሰዉ ግን «ሰክሮ ነው» አለ። ሮበሌ እጇን ይዞ «አምንሻለሁ» አላት። የወደደችው ያን ዕለት ነው።

በመጋቢት ለቡ ጫፍ፣ ገና ባልተከፈተ አስፋልት ላይ፣ ለቴሌቪዥን የሚሠራ የአደጋ ፊልም ቀረጻ ተጀመረ። ድርሰቱ የሮበሌ ነው፤ የሜካፑን ሥራም ያገኘላት እሱ። ከተጨፈላለቁት መኪኖች መሀል ተዋናዮቹን የውሸት ደም ስትቀባ አረፈደች። ከዚያ የጭነት መኪናውን ሹፌር የሚጫወተው ተዋናይ መጥቶ ተቀመጠ።

«ዓይኔን ቀላ አድርጊው» አላት። «ሰክሬ ነው የምነዳው።»

ስክሪፕቱን ተቀብላ አነበበች። ፍሬኑም፣ ዐሥሩ መኪናም አለ። የተጨመረው ጠርሙሱ ብቻ ነው።

ሮበሌን ከካሜራው ኋላ አገኘችው።

«ጠርሙሱን ማን ሰጠው?»

«ዳይሬክተሩ ጥፋተኛ ከሌለው ታሪኩ ተመልካች አይዝም አለ። ትሩፍዬ፣ ስሙን እኮ ቀይሬዋለሁ።»

«ትሩፍዬ አትበለኝ።»

«ልነግርሽ እያሰብኩ...»

«መቼ? እናቴ በቴሌቪዥን ካየችው በኋላ?»

ብሩሾቿን ሰብስባ ሄደች። ሲደውል ዘጋችበት። ላፍቶ ቤቷ ድረስ መጥቶ ሲጠብቃት እንዳላየችው ሆና አለፈችው።

ፊልሙ በሰኔ፣ እሑድ ከሰዓት ተላለፈ። ሊጀምር ሲል ሮበሌ በሩን አንኳኳ።

«ሂድ» አለችው።

«እናትሽ ሲያዩት እዚህ መሆን አለብኝ።»

እናቷ ወይዘሮ ሸጊቱ እንግዳ ከደጅ አይመልሱምና አስገቡት። የፊልሙ ሹፌር ጠርሙሱን ሲያነሣ ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

«የጻፈው እሱ ነው፣ እማዬ» አለች ትሩፋት።

ወይዘሮ ሸጊቱ ወደ ሮበሌ ዞሩ። «ባሌ ጌታን የተቀበለ ሰው ነበር። መጠጥ ቀምሶ አያውቅም።»

ትሩፋት በዳይሬክተሩ ያሳብባል ብላ ጠበቀች።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለ ሮበሌ። «ነግራኝ ነበር። እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።»

ወይዘሮ ሸጊቱ ተነሥተው በሩን ከፈቱለት።

«ሂድ፣ ልጄ። ዛሬ ላይህ አልችልም።»

ትሩፋት ሳታስበው ተከትላው ወጣች። ታክሲ ተራው ጋ ሲደርሱ ቆመች።

«የሸኘሁህ ስላልዋሸሃት ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።»

«አይመስለኝም።»

«ይቅርም አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

የመካኒሳ ታክሲ መጥቶ ሞልቶ ሄደ። ሌላም መጣ። ሮበሌ አልገባም፤ ትሩፋትም ግባ አላለችውም።