የእጅ ውሃ

ዘመኔን በኬሚስትሪ መምህርነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፣ መንፈስ ታየኝ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚለኝን ሁሉ በትዕግሥት አዳምጬ፣ በልቤ ግን ትኩሳት ይዞት ይሆን እል ነበር፤ እመነኝ ወዳጄ፣ አሁን የምነግርህ በጠራራ ፀሐይ፣ እዚህ ኬንያ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር ባለው አፓርትማችን በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው።

ባለቤቴ ወይንሸት የደም ካንሰር ታማለች። ለመድኃኒቱ መስጫ ደረቷ ላይ እስከ ትልቁ ደም ሥሯ የሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ አስገብተውላታል፣ ሕክምናው የሰውነቷን የመከላከል አቅም ስላሟጠጠውም ኬንያዊቷ ሐኪሟ «በዚህ ቱቦ የገባ ጀርም በቀጥታ ደሟ ውስጥ ነው የሚደርሰው፤ ሊገድላት ይችላል» ብላ አስጠንቅቃናለች። ፋሻውን የምቀይረው እኔ ነኝ፤ ነርሷ አሠልጥናኛለች፣ ሌላ ማንም እንዳይነካውም አዝዣለሁ።

የዚያን ቀን ከምሳ በፊት ሳሎን ተቀምጬ ሳነብ ከመኝታ ቤት ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ፣ የቧንቧ አይደለም፣ እንግዳ ሲያስታጥቡ ከማንቆርቆሪያ ወደ ሳፋ የሚወርደው ዓይነት እንጂ፤ በቤታችን ደግሞ ማንቆርቆሪያም ሳፋም የለም። እንግዳው «ይበቃል» ሲል ማቆም ወግ ነው፣ ይህኛው ግን አላቋርጥ አለ።

ገባሁ። ድምፁ ቀጥ አለ። ወለሉ ደረቅ ነው፣ ወይንሸት ግን ጥርሷ እየተፋጨ ትንቀጠቀጣለች። ፋሻውን ገለጥ ባደርገው ቱቦው ዙሪያ አመድ የመሰለ ነገር ተቀብቷል፤ ሕመምተኛ የሚቀባው የቤተ ክርስቲያን እምነት ነው።

«ጥሩዬ!» ብዬ ጮህኩ። ኢስትሊ ከሚባለው ሰፈር እየተመላለሰች የምታስታምማት እህቷ ናት።

ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ትላንት ቀባኋት፣ ጋሼ፤ ከገዳም የመጣ እኮ ነው! እርስዎ ደግሞ ሳይንስዎን ይቀቧት!» አለችና ዙሪያዋን ቃኘች። «እንግዳው የታለ? የእጅ ውሃ ሲወርድ ሰምቼ ምሳ ላቀርብ ነበር።»

ሆስፒታል ቱቦውን አወጡት፣ አንቲባዮቲክ ጀመሩላት፣ ተረፈች። እኔ የጥሩዬን እምነት ከስሼ ስጨርስ፣ ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት አይታ «ደሟ ውስጥ ያደገው ከሰው ቆዳ የሚመጣ ጀርም ነው፤ የማን እጅ እንዳስገባው ግን ላቦራቶሪ አይናገርም» አለች።

ትኩሳቱ ሲለቃት ወይንሸትን ስለ ድምፁ ጠየቅኋት።

«አየኋት እንጂ» አለችኝ ረጋ ብላ። «አንዲት የማላውቃት ሴት ናት፤ ጎንበስ ብላ ታስታጥብህ ነበር።»

«እኔን?»

«አንተን።»

አዲስ ቱቦ ከገባላት ወዲህ፣ ፋሻ ከመቀየሬ በፊት ቆዳዬ እስኪሰነጣጠቅ እታጠባለሁ፤ እውነቴን ነው የምልህ፣ ቧንቧውን ከዘጋሁትም በኋላ ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል፣ እኔም «ይበቃል» ለማለት እስካሁን አልደፈርኩም።