የጠመመችው እጅ

አሮጊቷ ልብስ ሰፊ ከገዛ ቤቷ ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች። ጠማማ ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ደረቷ ሥር ገብቷል፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። በቁሟ «የሞተ እጅ» ሲሉት ኖረው አሁን ምን ብለው ይዩት!

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ የሟቿ ልጅ ሚስቱ ላይ ጣቱን ቀስሮ ይጮሃል።

«እሷ ናት የገፋቻት! እኔ ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ነኝ። ይዘዋት ይሂዱ!»

ሚስትየው ሕፃን ልጇን አቅፋ ቆማለች። «ጓሮ ልብስ አጥብ ነበር፣ እትዬ። እኔን ካሰሩኝ ይህን ጨቅላ ማን ያጠባዋል?»

መርማሪዋ ሬሳውን እጁ ሳይቀር መርምራ ወደ ፎቅ ወጣች። ስፌት መኪናው ላይ ያላለቀ የተማሪ ዩኒፎርም አለ፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ።

«ይህን የሰፋው ማነው?»

«እሳቸው ናቸዋ!» አለች ሚስትየው። «ባለቤቴ እጄ አልዳነም ብሎ ቀለም መቀባት ከተወ ስድስት ወሩ። የበላነው በእሳቸው ስፌት ነው።»

ጎረምሳ ተጎልቶ አሮጊት ስታበላው! ከስድስት ወር በፊት እናትና ልጅ የተሳፈሩበት ታክሲ ተገልብጦ የሁለቱም ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ተሰብሯል። ለልጁ በቀዶ ሕክምና ብረት ገባለት፤ ለእናቱ ጀሶ ብቻ።

መርማሪዋ ሁለቱን ያከመውን የአጥንት ሐኪም አስጠርታ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ዶክተር፣ ለእሳቸው ለምን ቀዶ ሕክምና አላደረጉላቸውም?»

«በእሳቸው ዕድሜ አጥንቱ ጠሞ ቢገጥምም እጁ ይሠራል፤ መቀደዱ ብዙ አይጨምርላቸውም። ልጁ ግን ገና ዕድሜ ልኩን የሚሠራበት ነው፤ ቀጥ ማለት ነበረበት።»

«እና የእሳቸው እጅ ይጨብጥ ነበር?»

«መልኩ ነው እንጂ የከፋው፣ አያያዛቸው የጎረምሳ ነበር።»

«የልጃቸውስ?»

«ከዳነ ሦስት ወሩ። የቆዳ ማሰሪያውን አውልቅ ብዬዋለሁ።»

መርማሪዋ ወደ ልጁ ዞረች። አንጓው ላይ አዲስ ፋሻ ጠምጥሟል።

«የቆዳ ማሰሪያህስ?»

«ጠፋብኝ።»

«አልጠፋም።» መዳፏን ዘረጋች። የተበጠሰ ቆዳ፣ ከነዘለበቱ። «በእናትህ ጭብጥ ውስጥ ነበር። የሞተ ነው ብላችሁ ስለናቃችሁት አልከፈታችሁትም። ይህን ቆዳ ሊበጥስ የሚችል እጅ የሞተ አይደለም። አንተም ውጭ አልነበርክም፤ ደረጃው ላይ አብረሃቸው ነበርክ።»

ሚስትየው ሕፃኗን ጥብቅ አደረገች። ልጅየው ፋሻውን ፈታ።

«ማንም የለም ብዬ ቁም ሳጥን ሳነሳ አየችኝ። ጥያት ልወርድ ስል ደረጃው አፍ ላይ ደረሰችብኝ። ‹እስቲ እጅህን ልየው፣ ልጄ› ብላ ማሰሪያውን ያዘች። አፈርኩ። እጄን መነጨቅኳት። ያ እጅ ይይዛል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ሲወድቁ በዚህ በዳነ እጅህ ለምን አልያዝካቸውም?» አለ ሐኪሙ።

ልጅየው ቀጥ ያለ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

«እሷ እኮ አልለቀቀችኝም ነበር» አለ። «የተበጠሰው ማሰሪያው ነው።»