ፊት የሌለው አካሄድ

ፍላሹን በመቀመጫው ስር አቀበለችው።

«ሌላ ቅጂ አለ?» አላት አጎት፣ ዓይኑን ከመድረኩ ሳይነቅል።

«የለም።»

«ጎበዝ። አሁን ወንድምሽ ይፈታል።»

ዓይኑን በጨው ታጥቦ ዋሻት።

አጎት የስለላ አለቃዋ የምስጢር ስም ነው፤ የእሷ ደግሞ መርፌ። በዚህ የአኒሜሽን ሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ስምንት ወር አኒሜተር መስላ የሠራችው ለአንድ ፋይል ነው። ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ የመንግሥት ሰነድ ለባዕድ ሲያስረክብ የሚያሳየው ቪዲዮ የተፈበረከው እዚሁ ነበር። ዳኞቹ ፊቱን አይተው አሥራ አምስት ዓመት ፈረዱበት። ዋናውን ፋይል እንድታመጣ የላካት ራሱ አጎት ነው፤ ወንድሟ የታሰረባት ሴት አትታክትም ብሎ።

ባለፈው ሳምንት አገኘችው። በሶፍትዌሩ ሰው የሚሠራው ተደራርቦ ነው፤ ከላይ ፊት፣ ቀጥሎ ካፖርት፣ ከሁሉም በታች አጽም። አጽሙን የሚያንቀሳቅሰው ግን ነጠብጣብ የተለጠፈበት ልብስ ለብሶ ካሜራ ፊት የተራመደ እውነተኛ ሰው ነው። ፊቱን አነሳችው። ካፖርቱን አነሳችው። አጽሙ ብቻውን ተራመደ፤ ቀኝ እግሩን ጎተት፣ ግራ ትከሻውን ዘንበል እያደረገ።

ይህን አካሄድ ታውቀዋለች፤ አጎት ነው።

ምስጢሩን ለሌላ ላለማካፈል ሲል ልብሱን ራሱ ለብሷል። ሰነዱን የሸጠው እሱ መሆኑ፣ ፋይሉን የፈለገውም ማስረጃውን ለማጥፋት መሆኑ ያኔ ገባት። ያን ቀን ልታንቀው ፈልጋ ነበር። ሞት ያንስበታል ብላ ንዴቷን ዋጥ አደረገችው።

አሁን ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ገብታ በሩን ቆለፈች። አዲሱ ሶፍትዌር የወንጀል ቦታን መልሶ ለማሳየት ያገለግላል ተብሎ ዛሬ ስለሚመረቅ አዳራሹን ዳኞችና ጋዜጠኞች ሞልተውታል። ዋናውን ፋይል ከፈተች፤ ስክሪኑ ላይ ወንድሟ ቦርሳ ይዞ ኮሪደሩ ውስጥ ብቅ አለ።

የአጎት ድምፅ በጆሮ ማዳመጫዋ መጣ። «መርፌ፣ አጥፊው።»

«ጋሼ ሦስት ዓመት ታስሯል። አንተ ሦስት ደቂቃ ታገስ።»

«ፍላሹ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ባዶ ነው። እንደ ቃልህ።»

«አንቺም አብረሽ ትጠፊያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

ፊቱን አነሳችው። ካፖርቱን አነሳችው። አጽሙ እግሩን እየጎተተ ሄደ። ማይክሮፎኑን ከፈተች።

«የዚህ አካሄድ ባለቤት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ይነሳና ይራመድ።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። አጎት ሊወጣ ተነሳ። አንድ እርምጃ ጎተት አደረገ፤ አዳራሹ አጉረመረመ።

ቆመ።

ተመልሶ ተቀመጠ፤ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስም ከወንበሩ አልተነሳም። ስለት ድጉሱን፣ ክፋት ራሱን ይላሉ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት እያየችው አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ በጓሮ በር ወጣች።

ከሁለት ወር በኋላ የእስር ቤቱ በር ተከፈተ። እሷ ከመንገዱ ማዶ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ በሌላ ስምና በሌላ ጸጉር ቆማለች። የመንግሥት ምስጢር አውጥታለች ተብላ ትፈለጋለች፤ ብትጠጋው መዘዙ ለእሱ ይተርፋል። የወጣው ሰው ከስቷል፣ ሸብቷል፤ ፊቱን ልትለየው አልቻለችም። ከዚያ ተራመደ። ልጆች ሳሉ ትምህርት ቤት ሲረፍድባቸው እንደሚያደርገው፣ በእግሩ ጣቶች እየፈጠነ።

«ጋሼ» አለች ለራሷ።

እሱ የሚቀበለው ሰው ፍለጋ ግራ ቀኝ ተመለከተ። አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈረች።