በማርጎ ስም የተያዘ ወንበር

ሊኔት ያን ቀን ከሚኒያፖሊስ ዴንቨር ለመሄድ በተጠባባቂነት ቆማ ነበር። የሚቀር መንገደኛ ካለ ትሳፈራለች፤ ከሌለ እዚያው ታድራለች። በሩ ሊዘጋ ሲል «ማርጎ ሄስ፣ የመጨረሻ ጥሪ» ተባለ። ማንም አልመጣምና ወንበሩ ለሊኔት ተሰጠ።

ልትቀመጥ ስትል አጠገቡ ያለው ሰውዬ ደንግጦ ቀና አለ። ዓይኑ ደስ ይላል፤ ግን ሌላ ሰው ሲጠብቅ የነበረ ዓይን ነው። ኦሪን ይባላል፣ አገር ላገር እየዞረ ድልድይ የሚመረምር መሐንዲስ ነው።

«ማርጎ የምትባለውን ሳታውቃት አትቀርም» አለችው፣ ወሬ ለመጀመር ያህል።

«ባለቤቴ ናት» አለ። «አትመጣም።»

ዴንቨር ሳይደርሱ ነገሩን ነገራት። ከአየር መንገዱ ያወጣው ክሬዲት ካርድ፣ እሱ ሲጓዝ ስሙ ለተመዘገበ አንድ አብሮ ተጓዥ ነጻ ትኬት ይሰጣል። የተመዘገበችው ማርጎ ናት። ማርጎ «ከሄደች» ሁለት ክረምት አልፏል፤ እሱ ግን በተጓዘ ቁጥር ትኬቷን ያስቆርጥላታል። አውሮፕላኑ ካልሞላ ወንበሯ ባዶውን አብሮት ይበራል። ጉድ ነው! የሊኔትን ልብ የነካው ግን ይኸው ነው፤ ኋላ ያቃጠላትም ይኸው።

በዚያው ክረምት ተዋደዱ። ገና ሳትነቃ የመኪናዋን መስታወት በረዶ ፍቆ ይጠብቃታል። ሲያትል አብረው ሲሄዱ ግን ሊኔት በራሷ ትኬት ከኋላው ተቀመጠች። ከፊቷ የማርጎ ባዶ ወንበር አለ። ኦሪን ካፖርቱን እንኳ አላሳረፈበትም። ሊኔት ሌላ ሴት በመተላለፊያው ያለፈች መስሏት ዞር ብላ አየች። ምን ትበል? ሆድ ይፍጀው ብላ ቀበቶዋን አሰረች።

መጋቢት ላይ የካርዱ ዓመታዊ ክፍያ ደረሰ። ያዋጣል አያዋጣም ሊመክሩ ወጥ ቤት ተቀመጡ። እዚህ አሜሪካ ሰው ስለ ካርድ ሲማከር ልጁን የሚድር ነው የሚመስለው። ኦሪንም በካርዱ የሚጠራቀመውን የጉዞ ነጥብ፣ ያለ ክፍያ የሚጫነውን ሻንጣ፣ የአውሮፕላን ጣቢያውን የእንግዳ ማረፊያ ክፍል አንድ በአንድ ዘረዘረ።

«ያዋጣል» አለ።

«ለማን?» አለችው።

ስልኩን አነሳና የማርጎን ስም አስቀይሮ የሊኔትን እንደሚያስገባ ነገራት። ክረምቱን ሙሉ ስትመኘው የነበረ ቃል ነው፤ ሲመጣ ግን አስፈራት።

«በእሷ ቦታ ስሜን አትጻፍብኝ» አለችው። «የትኬቴን ራሴ እከፍላለሁ። አንተን ግን በተጠባባቂነት አልጠብቅም፣ ኦሪን። ወይ ከእሷ ጋር ኑር፣ ወይ ካርዱን ዝጋው።»

ካርዱን ወደ ሰጠው ድርጅት ደወለ። ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት፤ ካርዱን የሚዘጋው ስላላዋጣው እንደሆነ ጠየቀችው። ያዋጣል አላት። እሷም የስራዋን ቀጠለች።

«የወይዘሮ ማርጎ ነጻ ትኬትም አብሮ ይሰረዛል። እሳቸውን አማክረዋቸዋል?»

ኦሪን ሊኔትን አያት። አልረዳችውም፤ ይህን ቃል ማንም ሊናገርለት አይችልም።

«ማርጎ ሞታለች» አለ።

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አጽናናችውና ካርዱን ዘጋችው። ኦሪን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ የሚስቱን ስም እየጠራ አለቀሰ፤ ገና ዛሬ እንደተረዳ ሰው። ሊኔት አላባበለችውም። ጀርባው ላይ እጇን አሳርፋ፣ ላላወቀቻት ሴት አብራው አለቀሰች።

«አለሽ?» አላት፣ ፊቱን ሳያነሳ።

«አለሁ።»