ሳይጎርስ የተነሣው ሞተር

«ይቺን አምልጣኝ የወጣችውን ቃል አጥፊያት» አሉ የሄዘር አያት አርኖልድ፣ ጣታቸውን ወደ ቴፑ ቀስረው።

ሄዘር መቅጃውን አቆመች። ካሴቱን ሰኞ ለክፍል ጓደኞቿ ልታሰማ ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በፊት አያቷ እዚሁ በእንግሊዟ ሃክናል ከተማ ውስጥ አውሮፕላንን ያለ መንደርደሪያ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የሚያነሣ የጄት ሞተር ይገጣጥሙ ነበር። ሞተሩ ክብደት እንዳይበዛበት ሲባል የዘይት ቋት አይሸከምም፤ ከመነሣቱ በፊት አንድ ልክ ዘይት ይሰጠዋል። ሠራተኞቹ «ጉርሻ» ይሉታል። ያጎረሰው ሰው በሞተሩ ሽፋን ላይ በጠመኔ አንዲት መስመር ያሰምራል፤ አስነሺው መስመሯን ሳያይ ቁልፉን አይነካም።

አንድ ቀን ሞተሩ ሳይጎርስ ተነሥቶ ተቃጠለ። አስነሺው፣ የአያቷ ጓደኛ ዊልፍ፣ «መስመር ነበረ» ቢሉም የእሳት ማጥፊያው አረፋ ሽፋኑን አጥቦት ስለነበር ማንም አላመናቸውም። ከመሞከሪያው ሜዳ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ ሞተር ዳግመኛ ሳያስነሡ ጡረታ ወጡ።

ዛሬ ግን አያቷ ትዝታው ወስዷቸው ሳለ አመለጣቸው፦ «መስመሩን አስቀድሜ አሰመርኩ። የሻይ ደወል ሲጮኽ ዘይቱን ረስቼ ሮጥኩ።»

«አባባ፣ አጎት ዊልፍ ይህን ያውቃሉ?»

«አሁን ቢያውቅ ምን ይረባዋል?» አያቷ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ድምፁን በሰማሽው! ሲነሣ መሬቱ ከእግርሽ ሥር የሚሸሽ ይመስልሻል። ዊልፍ ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጦ እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር...»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ በሩ ተንኳኳ፤ ዊልፍ ነበሩ።

«አርኖልድ! አንተ ስስታም፣ ሻዩን ብቻህን ጨረስከው?»

«ግባ! መስመሩን አይተህ ነው ወይስ እንደ ልማድህ ሳታይ?» አሉ አያቷ፣ አፋቸው ቀድሟቸው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይቺው ቀልድ! ሌላ አልወጣልህም?» ዊልፍ እየሳቁ ገቡ። ሄዘር ይህን ሳቅ ስትሰማው አድጋለች፤ ዛሬ ግን ዓይናቸውን አየች። ዓይናቸው አልሳቀም።

አያቷ «አጥፊው» በሚል ቴፑን በቅንድባቸው ጠቆሟት።

ሄዘር ካሴቱን አወጣችው። በጠርዙ ያለችውን ቀጭን የፕላስቲክ ጥርስ በጥፍሯ ሰበረቻት፤ ያቺ ጥርስ ከተሰበረች መቅጃው የተቀዳውን አያጠፋም። ከዚያም ካሴቱን በአያቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ወተት አልቋል፤ ገዝቼ ልምጣ» አለች። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያልተከፈተ ጠርሙስ እንዳለ እሷም አያቷም ያውቃሉ። ሁለቱን ብቻቸውን ትታ በሩን ቀስ ብላ ከኋላዋ ዘጋችው።